ስለ ፈረሰኛ ክብር

የሰው ልጅ ክብርን ይወዳል፤ ክብርንም ለማግኘት በየዘመኑና በየአገሩ ልዩ ልዩ መንገድ አብጅቷል። ከነዚህም አንዱ የፈረሰኛ ሥርዓት ነው። በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ ብረት ለብሶ በፈረስ የሚዋጋው መኰንን ሰይፉ በካህን እየተባረከለት፥ ቤተ ክርስቲያንን ሊጠብቅ፥ ባልቴቲቱንና ድኻ አደጉን ሊረዳ፥ ቃሉንም ሊያከብር ይምል ነበር። በእኛም አገር በጽሑፍ ሳይሆን በልማድ የጸና እንዲህ ያለ ሕግ ነበረ። እንግዲህ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፤ በዚያ ሕግ የኖረ ሰው በእግዚአብሔር ፊት በእውነት የከበረ ነበረን? የክብሩስ መፈተኛ ምንድን ነው?

ለዚህ ነገር የጅማና የአካባቢዋ አገር ታሪክ በቂ ምስክር ነው። በጅሬን ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥታቸው እስከ ዛሬ የሚታየው ንጉሥ የግል ስማቸው ቱሉ ሲሆን፥ አገር የሚያውቃቸው ግን አባ ጅፋር በሚለው የፈረስ ስም ነው። በሊሙ እናርያ የነገሡትም አባ ባጊቦ የሚታወቁት እንዲሁ በፈረስ ስማቸው ነው። ይህ የጊቤ ነገሥታት ልማድ በሰሜንም የታወቀ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ይባሉ ነበርና። ስሞቹን ልብ ብሎ ለተመለከተ አንዱ መታጠቅን፥ አንዱ መበዝበዝን፥ አንዱ መዳኘትን ያመለክታል። ይህም የነገሥታቱን ጠባይ ለመለየት የሚነገር አይደለም፤ ኃይል ያለው ሰው በአንድ ኮርቻ ላይ ተቀምጦ ሦስቱንም ሊሠራ እንደሚችል ያስተምራል እንጂ።

በ1874 ዓ.ም የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በእምባቦ ተዋጉ። የጦርነቱም ምክንያት ከዓባይ ወዲያ ያለውን አገር፥ ይልቁንም የጊቤንና የከፋን ንግድ ማን ይያዝ የሚል ነበር። ቡናው፥ የዝሆን ጥርሱ፥ ዝባዱ፥ እጅግም የሚያሳዝነው ለባርነት የሚሸጠው ሰው የሚወጣው ከዚያ ነበርና። ራስ ጎበና የመሯቸው ፈረሰኞች ለሸዋ ድል አስገኙ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ቈስለው ተማረኩ። ንጉሥ ምኒልክ ግን በወደቀው ባላንጣቸው ላይ አልጨከኑም፤ ቁስላቸው እንዲታከም አደረጉ፥ በክብርም ያዟቸው። ከ14 ዓመት በኋላ፥ በ1888 ዓ.ም፥ ሁለቱ በዐድዋ በአንድ ወገን ተሰለፉ። ያን ጊዜ በምርኮኛው ላይ በቀል ተፈጽሞ ቢሆን ኖሮ ይህ አንድነት ከወዴት በተገኘ?

ከእምባቦ ጦርነት በኋላ አባ ጅፋር ግብር ለመክፈል ተስማምተው ያለ ውጊያ ለምኒልክ ገቡ፤ የውስጥ አስተዳደራቸውንም ጠብቀው ለብዙ ዘመን ገዙ። በፈረሰኛ ልማድ ሳይዋጋ የገባ ሰው ፈሪ ይባላል። ነገር ግን የገበሬው ጎጆ ከመቃጠል፥ ልጁም ከመማረክ የዳነው በዚያ ምክር ነው፤ ስለ ሕዝብ ሲሉ ንቀትን መቀበልም ራሱን የቻለ ድፍረት ነው። የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ደግሞ በ1889 ዓ.ም የዘመተባቸውን የራስ ወልደ ጊዮርጊስን ጦር ተቋቋሙ፤ በመጨረሻ ተማረኩ፥ አገራቸውም ጠፋች። ጀግንነታቸውን ማንም አይክድም። በዚያ ዘመቻ ግን የጅማም ጦር አብሮ ወጥቶ ነበር። ለራሱ ሕዝብ የራራው ክንድ ለጎረቤቱ ሕዝብ አልራራም።

የፈረሰኛው ሕግ ጉድለት እዚህ ላይ ይገለጣል። ፈረሰኛ ለፈረሰኛ ይራራል፤ ንጉሥ የንጉሥን ቁስል ያክማል። በእግሩ ለሚሄደው ግን ማን ይራራለታል? በጅሬን ግርጌ በነበረው በሂርማታ ገበያ ሰው እንደ ከብት ይሸጥ ነበር፤ ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም ነው። ቃሉን የሚያከብረው፥ ስድብን በደም የሚመልሰው ሁሉ በዚያ ገበያ መካከል ያለ ኀፍረት ያልፍ ነበር። በአውሮፓም ነገሩ ከዚህ አይሻልም፤ የመስቀል ምልክት የለበሱት ፈረሰኞች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1204 ዓ.ም የክርስቲያኖችን ከተማ ቍስጥንጥንያን ዘረፉ። መሐላቸው ከኮርቻው በታች አልወረደም።

ምናልባት አንዳንድ ሰው፥ «እንዲህ ከሆነ የጀግንነት ነገር ሁሉ ከንቱ ነው፤ ትሕትና ብቻ ይበቃል» ይል ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ አንልም። ድፍረት የሌለው ምሕረት ጅብ ሲመጣ በሩን ዘግቶ እንደሚያለቅስ እረኛ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ቅዱስ ጊዮርጊስ በአምባላይ ፈረስ ተቀምጦ ይታያል፤ ጦሩ ግን የተሰበቀው ብሩታዊትን ሊበላ በመጣው ዘንዶ ላይ እንጂ በድኻ ላይ አይደለም። መጥምቁ ዮሐንስም ወታደሮች ምን እናድርግ ብለው በጠየቁት ጊዜ ሙያቸውን ተዉ አላላቸውም፤ ማንንም እንዳይነጥቁ፥ በሐሰት እንዳይከሱ፥ በደመወዛቸውም እንዲረኩ አዘዛቸው።

ፍጹሙን ሕግ የምናገኘው ግን ጌታችን በምሳሌ ከነገረን ከሳምራዊው ሰው ዘንድ ነው። ያ ሰው የወደቀውን ባየ ጊዜ ወገኑ እንደ ሆነ አልጠየቀም፤ ዘይትና ወይን በቁስሉ ላይ አፈሰሰ፥ በራሱም እንስሳ ላይ አስቀመጠው። ቁስለኛው በተቀመጠበት ጊዜ ባለ እንስሳው በእግሩ እንደ ሄደ ልብ ይሏል። የፈረሰኛ ክብር መፈተኛው ይህ ነው፤ ለእኩያው ሳይሆን ከእርሱ ለሚያንሰው፥ ለወገኑ ብቻ ሳይሆን ለባዕዱ ይወርዳልን? የነገሥታት ንጉሥ ጌታችንም ወደ ኢየሩሳሌም የገባው በአህያ ተቀምጦ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ የፈረስ ዘመን አልፏልና ይህ እኔን አይመለከተኝም አትበል። በጅማ፥ በአጋሮ፥ በሊሙ ገነት ቡናው ሲቀላ ለቃሚው ቅርጫቱን ተሸክሞ ከሚዛን ፊት ይቆማል። በሚዛኑ አጠገብ የቆመው ሰው በዚያ ሰዓት ፈረሰኛ ነው፤ ለቃሚው እግረኛ ነው። የእሸት ቡናውን ኪሎ በትክክል መንገር፥ የጀንፈሉን ዋጋ ገበሬው ባለማወቁ አለመቀነስ፥ ከሩቅ አገር የመጣውንና በወባ የታመመውን ሠራተኛ ከነደመወዙ ማሳከም፥ ከእነዚህ አንዱም በዘፈን አይነሣም፥ የፈረስ ስምም አያሰጥም። ሆኖም ቁስልን የሚያጥብ ንጉሥ ያደረገው ይህንኑ ነው። ባለ ሥልጣኑ ከወንበሩ፥ ካህኑ ከመንበሩ፥ አባወራው ከቍጣው ለታናሹ ለመውረድ እንዲችል፥ የወደቀውን ለማንሣት ከሰማይ የወረደው አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።