የደጅ ጠባቂው ደመወዝና የተግሣጽ ሥልጣን

ሰው የሚገባውን ከፍሎ የሚገባውን አገልግሎት ሳያገኝ በቀረ ጊዜ፣ በደሉን በትዕግሥት ተሸክሞ ዝም ሊል ይገባዋልን፣ ወይስ የበደለውን ሰው ፊት ለፊት ሊገሥጽ? በቀደመው ዘመን እንዲህ ያለው ጥያቄ ስለ ንጉሥና ስለ ሕዝቡ፣ ስለ አበ ምኔትና ስለ መነኮሳቱ ሲነገር ይሰማ ነበር፤ ዛሬ ግን ከዙፋንና ከገዳም ወርዶ፣ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ በቂሊንጦ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የግቢ በር ላይ ይነሣል። ነገሩ የጥበቃና የጽዳት፣ የውሃና የቁልፍ ነገር ስለ ሆነ ጥቃቅን መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር፣ ጽድቅና ኀጢአት አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት እንዲህ ባለው ጥቃቅን ነገር መሆኑን እንዲያስብልኝ እለምነዋለሁ።

ቂሊንጦ የታወቀችው በማረሚያ ቤቷ፣ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዋ፣ በቢራ ፋብሪካዋና በኢንዱስትሪ ፓርኳ ነው፤ በኮንዶሚኒየሞቿ የሚኖረውም ሕዝብ በነዚሁ ቦታዎች ውሎ የሚገባ፣ ወይም በየማለዳው ለታክሲና ለአውቶቡስ ተሰልፎ ወደ መሀል ከተማ የሚወጣ ሠራተኛ ነው። ከባለቤቶቹም ብዙዎቹ በ1997 ወይም በ2005 ዓ.ም. ተመዝግበው፣ ከደመወዛቸው እየቀነሱ በየወሩ ሲቆጥቡ ኖረው፣ ዕጣ ወጥቶላቸው የገቡ ናቸው እንጂ ባለጠጎች አይደሉም። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 እያንዳንዱን ባለቤት በየቤቱ ጌታ ካደረገው በኋላ፣ ደረጃውን፣ ጣሪያውንና ግቢውን የማይከፋፈል የጋራ ሀብት አድርጎ አስተዳደሩን ለባለቤቶቹ ማኅበር ሰጠ፤ ጥበቃውንና የጽዳት ሠራተኛዋን የሚቀጥረውም፣ ከየቤቱ በሚሰበሰበው ወርሃዊ መዋጮ ደመወዛቸውን የሚከፍለውም ይኸው ማኅበር ነው።

በነዚህ ግቢዎች የጥበቃ ሥራ በር ከመክፈትና ከመዝጋት ያለፈ መሆኑን በመሀል ከተማ በግል ግቢ የሚኖር ሰው ላያውቅ ይችላል። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ የሚመጣውም ብዙውን ጊዜ ሌሊት ነው፤ በመጣም ጊዜ ሞተሩን አስነሥቶ ሮቶውን የሚሞላው ጥበቃው ነው። እንግዲህ ውሃው ከሌሊቱ 8 ሰዓት መጥቶ ሳይነጋ በተመለሰበት በአንድ ሌሊት ጥበቃው እንቅልፍ ጥሎት ሞተሩን ሳያስነሣ ቢቀር፣ የብሎኩ ሰው ሁሉ እስከሚቀጥለው ፈረቃ ድረስ በደረቅ ቧንቧ ይሰነብታል። በማግሥቱም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችው አራስ የሕፃኑን ጨርቅ በሳፋ ዘፍዝፋ የምታለቀልቅበት ታጣለች፤ ሙስሊሙ ጎረቤት ለሱብሒ ሶላት ውዱእ የሚያደርግበት ጠብታ ሳያገኝ ጎሑ ይቀድዳል፤ የፋብሪካው ሠራተኛ ፊቱን ሳይታጠብ ይወጣል፤ ልጆችም ሊፍት በሌለው ደረጃ ላይ ባለሃያ ሊትር ጀሪካን ሁለት ሁለት ሆነው እየተጋገዙ፣ በየዕረፍቱ እያስቀመጡ ሲያወጡ ይውላሉ። ይህ እውነተኛ በደል ነው። ለደካሞች መራራት እንደሚገባን የምንሰብክ ሰዎች ሁሉ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ደካማው ጥበቃው ብቻ እንዳልሆነ መርሳት የለብንም። አራሷም ደካማ ናት።

ነዋሪው ለዚህ በደል የሚሰጠው መልስ ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ ወገን ከደረጃው ወርዶ፣ በአባቱ ዕድሜ ያለውን ሰው በጎረቤት ፊት «አንተ!» እያለ ይሰድበዋል፤ ከሰደበውም በኋላ ንዴቱ ስለ በረደለት ፍርድ የሰጠ ይመስለዋል። ሁለተኛው ወገን «ተወው፣ እግዜር ይየው» ብሎ ዝም ይላል። ይህ ሁለተኛው ሰው በጎረቤቶቹ ዘንድ ታጋሽ ተብሎ ይመሰገናል፤ ነገር ግን ትዕግሥቱን ቀረብ ብለን ብንመረምረው፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ ለጥበቃው ሰላምታ መንፈጉንና ገንዘብ ያዡ መዋጮ ሊሰበስብ ሲመጣ «ለማያገለግለኝ ሰው አልከፍልም» ብሎ በሩን መዝጋቱን እናገኛለን። ዝምታው ትዕግሥት ሳይሆን የዘገየ በቀል ነበር። ተሳዳቢው ቢያንስ ንዴቱን ለባለ ጉዳዩ አሳይቷል፤ ዝም ያለው ግን ሰውየው ምን እንዳጠፋ ሳይነግረው በልቡ ፈርዶበት፣ ቅጣቱንም ከእንጀራው ላይ ቈርጦ ወሰደ።

ስለዚህ ነገር ኦሪት ዘሌዋውያን በ19ኛው ምዕራፍ የሠራው ሥርዓት እጅግ ያስደንቀኛል። በዚያ ምዕራፍ ቍጥር 13 የቅጥር ሠራተኛ ዋጋ በአሠሪው ዘንድ እስከ ነገ ጧት እንዳያድር ይከለክላል፤ ቍጥር 17 ደግሞ ወንድምህን በልብህ አትጥላው፣ ይልቁንም ስለ እርሱ ኀጢአት እንዳይሆንብህ ገሥጸው የሚል ትእዛዝ ይሰጣል። ተግሣጽ እንግዲህ የተፈቀደ ብቻ ሳይሆን የታዘዘ ነው፤ ዝም ያለው ሰው በሌላው ጥፋት ተካፋይ ይሆናል። ነገር ግን ወደ ተግሣጹ ለመድረስ በደመወዙ በኩል ማለፍ ግድ ነው። በመካከላቸው ያሉትም ሦስት ቍጥሮች ያለ ምክንያት የገቡ አይመስለኝም። ደንቆሮን አትስደብ ይላል፤ ደንቆሮ የተባለው ጆሮው የማይሰማው ብቻ ሳይሆን በሌለበት የሚታማው፣ መልስ ሊሰጥ የማይችለውም ሰው ነው ብንል ከምሥጢሩ አንርቅም። በሐሜት አትዙር ይላል፤ ይህም በደረጃና በሱቅ በር ላይ የሚነገረውን የጥበቃ ወሬ ሁሉ ይነካል። ከሁለቱ መካከል ያለው ቍጥር 15 ግን፣ በፍርድ ለድኻ አታድላ፣ ባለጠጋውንም አታክብር የሚለው ነውና፣ ወደ እርሱ ኋላ እመለሳለሁ።

ወንጌላዊው ማቴዎስም በ18ኛው ምዕራፍ ያስቀመጠው ሥርዓት ከዚሁ ጋር የሚስማማ ነው፤ የበደለህን አስቀድመህ ለብቻው ንገረው፤ ባይሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ለማኅበሩ አቅርበው። የኛ ልማድ ግን የመጨረሻውን ፊተኛ አድርጎ፣ ነገሩን ከስብሰባ ይጀምራል።

እንዲህ ያለ አንድ ስብሰባ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በአንድ ብሎክ የጋራ መገልገያ ቤት ውስጥ ሲደረግ ተገኝቼ ነበር። ያ ቤት ሲሠራ እንጀራ እንዲጋገርበት፣ ልብስ እንዲታጠብበትና በግ እንዲታረድበት የታሰበ ነው፤ በዚያን ቀን ግን የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሮበት የፍርድ ሸንጎ ሆነ። የሁሉም ድምፅ ጥበቃው ይባረር የሚል ነበር። በመጨረሻ አንድ አረጋዊ ተነሥተው ገንዘብ ያዡን፣ «ለመሆኑ ደመወዙ የተከፈለው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁት። ገንዘብ ያዡም ሰማያዊ ሽፋን ያለውን መዝገብ ገልጦ፣ በጣቱ እየተከተለ የየቤቱን ቍጥር አነበበ፤ ከፍለው የተገኙት ጥቂት ሲሆኑ፣ የጥበቃው ደመወዝ ሁለት ወር አልፎት ነበር። ጥበቃው በሩ ላይ ቆሞ ነበርና ሲጠየቅ፣ «መተኛቴ እውነት ነው፣ አልክድም። ቤቴ የሚበላ ስለ ጠፋ ቀን ቀን ሲሚንቶ ሳወርድ እየዋልሁ ነው የምመጣው» አለ። ከዚህ በኋላ በቤቱ ውስጥ የነበረው ጩኸት ሁሉ ጸጥ አለ፤ ከፍተኛውን ድምፅ ያሰሙት ሰዎች ካልከፈሉት ወገን መሆናቸውን መዝገቡ ስለ ተናገረ።

የኮንዶሚኒየም ጌትነት ልዩ የሆነ ችግር አለበት። ማዘዝ ለእያንዳንዱ ሰው ሙሉ በሙሉ ሲደርስ፣ ግዴታ ግን በስድሳና በሰባ ቤት ተከፋፍሎ እስከማይታይ ድረስ ይቀጥናል። ሁሉም «እኔ ነኝ የምከፍለው» ብሎ ሊያዝ ይችላል፤ «ያልከፈልሁት እኔ ነኝ» ብሎ የሚያስብ ግን የለም፤ የአንድ ቤት መዋጮ ብትቀር ሰውየው አይራብም ይላልና። ሁሉም እንዲህ ባሰበ ጊዜ ግን ሰውየው ይራባል፤ የራበውም ሰው አንድ በዳይ አግኝቶ የሚከስሰው የለውም። የቀድሞው ባለ ርስት ጌታ ጨካኝ ሊሆን ይችል ነበር፤ ስለ እርሱ ምስክር ለመሆን አልሻም፤ ነገር ግን ሎሌው የሚቀየመው ፊቱን የሚያውቀውን ሰው ነበር። ኢዮብ በመጽሐፉ 31ኛ ምዕራፍ ከጽድቁ ሥራዎች መካከል አገልጋዩ በከሰሰው ጊዜ ክርክሩን አለመናቁን ይቈጥራል፤ ምክንያቱንም ሲሰጥ፣ እርሱንም አገልጋዩንም በማኅፀን የሠራ አንድ ፈጣሪ መሆኑን ያስታውሳል። እዚህ ላይ የምጠይቀው ይህን ነው፤ የቂሊንጦው ጥበቃ የሚከስሰው ኢዮብ ማን ነው?

የሀገሪቱ ሕግም በዚህ ረገድ ብዙ አይደርስለትም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንትም 48 ሰዓት አድርጎ ወስኗል፤ በየግቢው የሚታየው ግን ሃያ አራት ሰዓት ጠብቆ ሃያ አራት ሰዓት ማረፍ፣ ወይም ከምሽት 12 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት መቀመጥ ነው። ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል የሚያጠና ቦርድ እንዲቋቋም ይኸው አዋጅ ቢያመለክትም፣ የግል ሠራተኛው እስካሁን በሕግ የተወሰነ ወለል የለውም። ስለዚህ መጠኑን የሚወስነው የነዋሪው ኅሊና ነው ማለት ነው። የእስልምና መምህራንም ሠራተኛው ላቡ ሳይደርቅ ዋጋው እንዲሰጠው የሚያዝዘውን ሐዲስ ለምእመናኑ ያስተምራሉ፤ ከመስጊድም ከቤተ ክርስቲያንም የሚመለሰው ሰው በዚያው በር እየገባ፣ ሁለቱም ትምህርት በዚያው በር ላይ መረሳቱ ያሳዝነኛል።

ሌላም ነገር አለ፤ በቂሊንጦና በአጎራባቿ በኮዬ ፈጬ ያለ ሰው ሊያልፈው የማይገባው። ብሎኮቹ የቆሙበት መሬት ትናንት ጤፍና ሽምብራ ይዘራበት የነበረ ማሳ ነው። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት መሬቱን ለዘለቄታው የለቀቀ ገበሬ የሚሰጠው የመፈናቀያ ካሣ ባለፉት አምስት ዓመታት ካገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ ዐሥር እጥፍ ነበር፤ ያም ገንዘብ ነግዶ ለማያውቅ፣ ከሞፈርና ከቀንበር በቀር ሙያ ላልያዘ ሰው ብዙ የሚበረክት አልሆነም። እንግዲህ በአዲስ አበባ ዳርቻ ከሚገኙት ጥበቃዎችና የቀን ሠራተኞች መካከል ትናንት በዚያው አካባቢ ባለ ማሳ የነበሩ ሰዎች አሉ። ዕጣ የደረሰውን ነዋሪ ናቡቴን እንደ ገደለው እንደ አክዓብ አልቈጥረውም፤ እርሱም ዓመታት ሙሉ ቈጥቦ በሕግ ያገኘው ቤት ነውና። የጥበቃውም ያለፈ በደል ዛሬ የተቀበለውን አደራ አያስቀርለትም፤ አራሷ መሬቱን አልወሰደችበትም። ነገር ግን የሚገሥጽ ሰው የቆመበትን መሬት ታሪክ ቢያውቅ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለመናገር ምክንያት አያጣም።

ተከራዩንም ላስታውስ። በብዙ ብሎኮች ባለቤቱ ሌላ ሰፈር እየኖረ ቤቱን ያከራያል፤ ማኅበሩ የባለቤቶች ስለ ሆነ ተከራዩ ድምፅ የለውም፤ ጀሪካኑን የሚሸከመው ግን እርሱ ነው። መዋጮውን ባለቤቱ በተከራዩ ላይ፣ ተከራዩም በባለቤቱ ላይ ሲያሳብቡ የሚዘገየው የጥበቃው ደመወዝ ነው። የሚኖርበት ሰው በሸንጎው ሊሰማ፣ ባለቤቱም በውሉ ላይ መዋጮው የማን እንደ ሆነ ሊያጽፍ ይገባል። ይህ የሚከብድ አይደለምና ከዚህ በላይ አልዘገይበትም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ይህ ነው። ደመወዙ በወር በወሩ ተከፍሎት፣ ዕረፍቱም ተጠብቆለት፣ ለብቻው ተመክሮ፣ ሁለተኛም በሽማግሌ ፊት ተነግሮት፣ ከዚያም በኋላ ሞተሩን ረስቶ የሚተኛ ሰው ቢገኝስ? ብዙ ደጋግ ሰዎች እዚህ ላይ «ድኻ ነው፣ ይተው» ይላሉ። እኔ ግን ወደዚያ ወደ ቍጥር 15 እመለሳለሁ፤ በፍርድ ለድኻ ማድላትም የተከለከለ ነው። ድኻ ስለ ሆነ ብቻ ያለ ተግሣጽ የሚታለፍ ሰው፣ ከሰው ቍጥር ወጥቶ ከማይጠየቁት ከሕፃናትና ከእብዶች ወገን ተመድቧል ማለት ነው፤ ይህም የተሸፈነ ንቀት ነው። አደራ ሊጠየቅ የሚችል ሙሉ ሰው መሆኑን ካመንን ልንጠይቀው፣ አደራውንም ደጋግሞ ካፈረሰ ልናሰናብተው ይገባናል፤ በየደረጃው ጀሪካን የሚያወጡት ልጆችም በፍርዱ ውስጥ ድርሻ አላቸውና።

ማሰናበቱ ግን የራሱ ሥርዓት ይኑረው። ጥፋቱ ፊቱ ይነገረው እንጂ ከሌላ ሰው አፍ አይስማው፤ በቀጣይ ግቢ ሥራ ሲጠይቅም ያላጠፋው ጥፋት አይጨመርበት። ኦሪት ዘዳግም በ24ኛው ምዕራፍ ድኻው ነፍሱን በደመወዙ ላይ ጥሏልና ፀሐይ ሳይገባ ስጠው ስለሚል፣ የሠራበት ሁሉ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም በዚያው ቀን ይሰጠው። ገንዘቡንም ከመዝገብ አውጥቶ በእጁ የሚያስረክበው ሰው በስብሰባው ላይ ከሁሉ አብልጦ ሲጮህ የነበረው ቢሆን እመርጣለሁ።