የጠገራውና የሮሙ ሳንቲም

ካዛንቺስ ለአንድ ፈረንጅ ለረጅም ዘመን በዘበኝነት ያገለገሉ አባት ሲሞቱ፣ ለወንድ ልጃቸውና ለሴት ልጃቸው ሁለት ገንዘብ ትተው ተገኙ። አንደኛው ጠገራ ብር ነው፤ የንግሥት ማሪያ ቴሬዛ መልክና 1780 የሚል ዓመት አለበት። ሁለተኛው ፈረንጁ ወደ አገሩ ሲመለስ የሸለማቸው ትንሽ የሮም ሳንቲም ነው። በላዩ ላይ ያለው ባለ ጨረር ዘውድ ንጉሥ ጋሊየኑስ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ253 እስከ 268 ገዝቷል።

«የሮሙ ለእኔ ይሁን፤ ታላቅ ለታላቅ ነው» አለ ወንድምየው። እህቱ ጠገራውን ወሰደች።

ሰነባብቶ አንድ አዋቂ ጉዱን ነገራት፦ 1780 ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቪየናም፣ ሮምም፣ ለንደንም፣ ቦምቤይም ያንኑ መልክና ያንኑ ዓመት እየመቱ ኖረዋል።

«ጋሼ፣ የደረሰኝ ሐሰተኛ ነው፤ እንደገና እንካፈል» አለች። ተያይዘው ቂርቆስ ወዳሉ ሽማግሌ አንጥረኛ ሄዱ።

ሽማግሌው ጠገራውን መዘኑት፤ 28 ግራም። የዘውዷን ዕንቁዎች አዩ፣ የትከሻዋን ጌጥ አዩ፣ ጠርዙ ላይ ጎልቶ የወጣውን ጽሑፍ በጥፍራቸው ዳሰሱ። «ከአሥር እጁ ስምንቱ ጥሩ ብር ነው» አሉ። የሮሙን ወደ ብርሃን አቀረቡት። የንጉሡ አፍንጫና ዘውድ በተፋቀበት ቀይ መዳብ ወጥቷል። «ይኼ ብር የተቀባ ነው እንጂ ብር አይደለም።»

«ታዲያ ሐሰተኛው የትኛው ነው?»

«የእህትህ ስለ ዕድሜው ዋሽቶ ስለ ብሩ እውነት ተናገረ። ያንተው ስለ ንጉሡ እውነት ተናግሮ ስለ ብሩ ዋሸ። እንግዲህ የምትፈልጉትን እናንተ ታውቃላችሁ።»

ጠገራው የሞተችውን ንግሥት ዓመት የያዘው ገበያው መልኩ የተለወጠ ብር አልቀበልም ስላለ ነው። ዓመቱ የልደት ቀን ሳይሆን «ሚዛኔ አልተነካም» የሚል ቃል ነበር። በአንጻሩ የጋሊየኑስ ሳንቲም ከመንግሥት ግምጃ ቤት በሕግ የወጣ ነው፤ በዘመኑ መጨረሻ ብሩ ከመቶው አምስት እጅ እንኳ አይሞላም ነበር። ጦርነት ካዝናውን ሲያራቁተው መዳብ በዛ። ታሪክ ለሚመረምር ሰው ግን ያ መዳብ ራሱ ምስክር ነው፤ የመንግሥቱን ጭንቅ ከአዋጁ ይልቅ እርሱ ይናገራል።

የሰውም ቃል እንዲሁ ነው። የሠፈሯን ታሪክ የምታወራ እናት ዓመቱን ትስት ይሆናል፤ ማን ከማን ጋር ማኅበር እንደጠጣ፣ ማን ማንን እንደቀበረ ግን አትስትም። ቀኑና ማኅተሙ ያልጎደለ ወረቀት ደግሞ ፍሬ ነገሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ምስክርን «ዋሽተሃል» ከማለት በፊት፣ የጠየቅነው ስለ ዓመቱ ነው ወይስ ስለ ብሩ የሚለውን መለየት የጠያቂው ዕዳ ነው።