የቆመ ሰው ወንበር

አንድ አናጢ ሙዚየም ገብቶ የቀደሙት ሰዎች የጠረቡትን እንጨት ሲያይ ምን እያደረገ ነው? እየተማረ ነው ወይስ እየቀዳ? ጥያቄው የሙያ ብቻ ይመስላል፤ ሥሩ ግን ሃይማኖታዊ ነው። አዲስ ነገር መሥራትን በአማርኛ «ፈጠራ» እንላለን፤ ካለመኖር ወደ መኖር ማምጣት የእግዚአብሔር ብቻ መሆኑን እያመንን ነው እንዲህ የምንለው። ሰው የሚሠራው ካየው ተነሥቶ ነው። እንጨቱን አላበቀለውም፤ ወንበር የሚባለውንም ነገር የጀመረው እሱ አይደለም። ስለዚህ የሌላውን እጅ ሥራ ለማየት መንገድ መውጣት የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ክርክሩ መሆን ያለበት ከታየው ነገር ምኑ ይወሰድ በሚለው ላይ ነው። እኔ የምለው፣ አናጢ ከአሮጌ ዕቃ መውሰድ ያለበት ቅርጹን ሳይሆን ቅርጹን ያስገደደውን ምክንያት ነው።

ኦሪት ዘጸአት ለዚህ ምስክር ይሆናል። ሙሴ ድንኳኑንና ዕቃዎቹን በተራራው ላይ ባየው ምሳሌ መሠረት እንዲያሠራ ታዘዘ፤ ሥራው የተሰጠው ደግሞ የእግዚአብሔር መንፈስ በጥበብ ለሞላው ለባስልኤል ነው። መንፈስ የሞላው ባለ እጅ እንኳ ያለ ምሳሌ አልሠራም፤ ምሳሌ መኖሩም ጥበቡን ትርፍ አላደረገውም። ታቦቱ ከግራር እንጨት ተሠራ፤ ርዝመቱ ሁለት ክንድ ተኩል፣ ወርዱና ቁመቱ አንድ አንድ ክንድ ተኩል። በጎንና በጎኑ ቀለበቶች ተደረጉለት፤ በቀለበቶቹም ከቦታቸው የማይወጡ መሎጊያዎች ገቡ። መሎጊያው ለምን አስፈለገ? ሕዝቡ መንገደኛ ስለነበረ፣ ታቦቱም በሰው ትከሻ ስለሚሄድ ነው። መልኩን ብቻ ያየ ሰው መሎጊያውን ጌጥ ይለዋል፤ ጉዞውን ያወቀ ሰው ግን ሌላ የሚጓዝ ዕቃ ሥራ ቢባል ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።

ከባዱ ተቃውሞ የሚመጣው ከአክሱም ነው። ከሮም የተመለሰው፣ 24 ሜትር ያህል ቁመት ያለው ሐውልት ድንጋይ ሆኖ ሳለ ባለ ብዙ ፎቅ ቤት መስሎ ተጠርቧል። በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ወጣ ወጣ ብለው የሚታዩት፣ «የዝንጀሮ ራስ» የሚባሉት የእንጨት ጫፎች በሐውልቱ ላይ በድንጋይ ተቀርጸዋል። በደብረ ዳሞ እንጨቱ ግድግዳውን ያስራል፤ በሐውልቱ ላይ ምንም አያስርም። ታዲያ የአክሱም ጠራቢዎች ምክንያቱን ጥለው ቅርጹን ብቻ አልወሰዱም ወይ? ይህን በቀላሉ ማለፍ አይቻልም። እንደሚመስለኝ ግን ምክንያቱን ለወጡት እንጂ አልጣሉትም። ሐውልቱ የሚቆመው በመቃብር ስፍራ ነው፤ ሟቹ ቤት አለው ለማለት የቤት ምልክት ያስፈልግ ነበር፤ ለዚያ ዘመን ሰው ቤትን ቤት የሚያሰኘው ደግሞ ያ የእንጨት ጫፍ ነው። ቅርጹ አገልግሎቱን ቢለውጥም ሥራ አልፈታም። ምክንያት ሊለወጥ ይችላል፤ እኔ የምቃወመው ጨርሶ መጥፋቱን ነው።

ይህ ልዩነት ወደ ዕለት ዕቃ ስንመጣ ይበልጥ ይጎላል። በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የመሰለ ቦታ የሚገባ አናጢ፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ያያል። መጋጠሚያ የለው፣ ሚስማር የለው፤ መቀመጫው በስተመሐል ጎድጎድ ብሎ ከመቀመጥ ብዛት ያብረቀርቃል። ሦስት እግር ጎርባጣ የአፈር ወለል ላይ አይንገዳገድም፤ አራተኛ እግር የሚጨመርለት ወለሉ ሜዳ ሲሆን ነው። አምቦ ውስጥ ሴራሚክ ለተነጠፈበት ካፌ ያንኑ ሦስት እግር የሚደግም ሰው ያየውን ደገመ እንጂ የተማረው ነገር የለም። ከሙዚየሙ በርጩማ ጎን ብዙውን ጊዜ የአካባቢው ስም ይጻፋል እንጂ የሠሪው ስም አይገኝም፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው የሚሰድብን በዐዋጅ እስኪከለክሉ ድረስ ምን ያህል እንደተናቀ ለሚያስብ ሰው ይህ ባዶ ቦታ ያማል።

መቋሚያን ደግሞ እንይ። በመስታወት ውስጥ ሲታይ አናቱ ላይ አግድም እጀታ ያለው ዱላ ነው፤ አናጢን የሚያስቆም ነገር የለውም። ሐሮ ወንጪ ሐይቅ ላይ በጀልባ ተሻግሮ ደሴቱ ላይ ባለው የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን፣ ወይም በየትኛውም ደብር፣ ማኅሌት የሚያድር ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። ማኅሌት በቁም ነው፤ ሌሊቱም ረጅም ነው። ያ አግድም እንጨት የደከመ ሰው የሚደገፍበት፣ የቆመ ሰው ወንበር ነው። የሰውነትን ክብደት እንዲችል ጠንካራ መሆን አለበት፤ በዝማሬው ከከበሮና ከጸናጽል ጋር ስለሚወዛወዝ ደግሞ ቀላል መሆን አለበት። ይህን የሁለት ፍላጎት ትግል መስታወቱ አይነግርም። ስለዚህ ሙዚየም ለማየት ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ የሚያስብ የአምቦ ወይም የወሊሶ አናጢ፣ ከሙዚየሙ በፊትም በኋላም ዕቃው የሚያገለግልበት ቦታ መሄድ ይኖርበታል።

ይህ ሁሉ ቅንጦት ነው የሚል አይጠፋም። ደንበኛው ስልኩን አውጥቶ የሶፋ ፎቶ ያሳያል፣ «ይህን ሥራልኝ» ይላል፤ እንጨቱ ተወዷል፣ ኤምዲኤፍ ይረክሳል፣ ቀኑም አጭር ነው። ችግሩ እውነት ነው። ግን ፎቶ ማለት ምክንያቱ ጨርሶ የተላጠ ቅርጽ ነው፤ ሶፋው ለሌላ ሳሎን የተለካ ስለሆነ በደንበኛው በር ላይገባ ይችላል። በሚሊኒየም አዳራሽ የሚዘጋጁት የቤት ዕቃ ኤግዚቢሽኖች ከፎቶም ከሙዚየምም የሚሻሉት በዚህ ነው፤ ተቀምጦ መሞከር፣ መሳቢያውን ስቦ መጋጠሚያውን በጣት መዳሰስ ይቻላል።

አንድ ጉዳይ ይቀራል። በዚህ አገር እጅግ የተከበረው ጥርብ ዕቃ ከካህናት በቀር ማንም የማያየው ታቦት ነው። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተዘርፈው ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ የሚገኙት 11 ታቦታት እንኳ ለእይታ አይቀርቡም፤ ቦታቸው ግን መንበራቸው እንጂ የሙዚየም ዕቃ ቤት አይደለም። ዓይን የማያርፍበትን እንጨት በጥንቃቄ የቀረጸ ሰው ለተመልካች እንዳልሠራ ግልጽ ነው። በርጩማ ግን እንዲህ ያለ ክልከላ የለበትም፤ ሆድ ዕቃው፣ የመጥረቢያው ምት የት እንደቆመና እግሩ ወደ መቀመጫው ሲጠጋ እንዴት እንደወፈረ የሚያሳየው ክፍል፣ ሁልጊዜ ወደ ታች ዞሮ ይቀመጣል። ሙዚየሞቻችን ከብዙዎቹ በርጩማዎች ቢያንስ አንዱን ገልብጠው ያስቀምጡት።