በድንች ላይ የተነሣ ጥያቄ

ከጉና ደጋ የሚወርደው ድንች በጾም ወራት የድሀውም የሀብታሙም ወጥ ነው። በክረምቱ ጉም ግን በሽታ ገብቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቅጠሉን ያጠቁረዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ አየርላንድን በረሃብ የፈጀው ይኸው በሽታ ነው። መድኃኒት መግዣ ያጣ ገበሬ ቆሞ ያያል።

ዓለም አቀፉ የድንች ማዕከል ከሜክሲኮና ከአርጀንቲና የዱር ድንቾች ሦስት ጂኖች ወስዶ በሚበላው ድንች ውስጥ አስገብቷል፤ በኡጋንዳ ማሳ ተሞክሮ በሽታውን ተቋቁሟል። ከመካከላችን አንዳንዶች ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19ን አንሥተው ዘር መቀላቀል ኃጢአት ነው ይላሉ። ያው ቁጥር እኮ እንስሳ ማዳቀልንም ይከለክላል፤ አባቶቻችን ግን በበቅሎ ተቀምጠው ለቅዳሴ ይሄዱ ነበር! ደግሞስ የዱሩና የጓሮው ድንች ዘመዳሞች አይደሉምን?

እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 ዘረመሉ የተለወጠ ጥጥ እንዲዘራ ፈቅዳለች፤ የዚያ ጥጥ ዘር በየዓመቱ የሚገዛ ነው። ድንች ግን ከራሱ ከድንቹ ይተከላል፤ ዘር ያለቀበት ከጎረቤቱ ይበደራል። አዲሱ ድንች ይህን መበዳደር የሚከለክል ውል ይዞ ቢመጣ፣ በሽታውን አሸንፈን ጉርብትናን ልናጣ ነው። ስለዚህ የጉና ገበሬ ዘሩን ለጎረቤቱ መስጠት ይችል እንደሆነ፣ ከመትከሉ በፊት በግልጽ ይነገረው እንላለን።