ከሳሪ ነጋዴና በመያዣ የሰጠው ቤት

ምስጋና ለአላህ ይሁን፤ ሲሳይን ለሚያሰፋና ለሚያጠብብ፣ የባሮቹን የተሰወረ ነገር ሁሉ ለሚያውቅ ጌታ። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ከዚህ በኋላ፤ ወንድሞች ሆይ፤ ገበያ ሁል ጊዜ አንድ አይደለም። ትናንት ያተረፈ ዛሬ ይከስራል። ዕቃው በመንገድ ይበላሻል፤ ዋጋው በድንገት ይወድቃል፤ በዱቤ የወሰደበትም ሰው ሳይከፍለው ይቀራል። ነጋዴው ንግዱን ለማቆም ሲል መኖሪያ ቤቱን በመያዣ ሰጥቶ ተበድሮ እንደ ሆነ፣ የመክፈያው ቀን ሲቃረብ እንቅልፍ ያጣል። በዚያን ጊዜ ሰይጣን ሦስት ነገር ይመክረዋል፤ ቤቱን በልጁ ወይም በወንድሙ ስም አዙሮ እንዲሰውር፣ ወይም የቀድሞውን ዕዳ በአራጣ ብድር እንዲከፍል፣ ወይም ቤተ ሰቡን ጥሎ ከአገር እንዲጠፋ። ሦስቱም የጥፋት መንገዶች ናቸው።

መያዣ መስጠት ነውር አይደለም። አላህ በአል በቀራህ ምዕራፍ በ283ኛው አንቀጽ፣ በጉዞ ላይ ጸሐፊ ላላገኙ ሰዎች መያዣን ፈቅዷል። ነቢያችንም ከዚህ ዓለም በተለዩ ጊዜ፣ ማለት በ11ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ የጦር ልብሳቸው በ30 ሷዕ ገብስ ምክንያት በመዲና በአንድ አይሁዳዊ ዘንድ ተይዞ ነበር። ሊቃውንትም ከዚህ ተነሥተው መያዣ በጉዞም በአገርም የተፈቀደ መሆኑን አስተማሩ።

ነገር ግን መያዣ የዕዳ ማረጋገጫ ነው እንጂ ምርኮ አይደለም። በጃሂሊያ ዘመን ባለዕዳው ቀኑን ሲያሳልፍ አበዳሪው መያዣውን እንዳለ ይወስድ ነበር፤ ይህን ልማድ እስልምና ሻረው። ቤቱ ባለዕዳው ሊከፍል ባልቻለ ጊዜ በትክክለኛ ዋጋ ይሸጣል እንጂ አይወረስም። ስለዚህ ዕዳው 6,000 ዲናር ሆኖ ቤቱ 10,000 ቢሸጥ፣ ባለ መያዣው ከሁሉ አስቀድሞ 6,000ውን ይወስዳል፤ 4,000ው ግን የእርሱ አይደለም፤ ለሌሎቹ ገንዘብ ጠያቂዎች፣ ከእነርሱም ከተረፈ ለባለቤቱ ይመለሳል። ቤቱ 5,000 ብቻ ቢሸጥ ደግሞ፣ ስለ ቀረው 1,000 ባለ መያዣው ከሌሎቹ ጋር ተሰልፎ በየድርሻው ይካፈላል።

እንግዲህ በኪሳራ የተያዝህ ወንድም ሆይ፤ ዕዳህ ንብረትህን ሁሉ ሳይውጠው መዝገብህን ግለጥ። ገንዘብ ጠያቂዎችህን ሰብስበህ ያለህንና የሌለህን በእውነት ንገራቸው። በመያዣ የሰጠኸውን ቤት ያለ ባለ መያዣው ፈቃድ አትሽጠው፤ በስጦታም አታስተላልፈው። ይልቁንም ከእርሱ ጋር ተስማምተህ ቀኑ ሳይደርስ ገዢ ፈልግ፤ በእርጋታ የተሸጠ ቤት በጥድፊያ ከተሸጠው የተሻለ ዋጋ ያወጣልና። ወዳጅህንም ከሌሎቹ አስበልጠህ በስውር አትክፈለው። የሚስትህ የግል ንብረት ለአንተ ዕዳ አይያዝም፤ ያልከፈልኸው መህሯም ዕዳ ነውና ከገንዘብ ጠያቂዎችህ ጋር ትቆጠራለች።

«ቤቴ ተሸጦ ልጆቼ የት ያድራሉ?» ትል ይሆናል። ሊቃውንት በመያዣ ስላልተሰጠ መኖሪያ ቤት ተለያይተዋል። ኢማም አሕመድ ከሳሪው ሊኖርበት ግድ የሆነው ቤት አይሸጥበትም ብለዋል፤ ኢማም ማሊክና ኢማም ሻፊዒ ግን ተሸጦ ሌላ ቤት ይከራይለታል ብለዋል። በመያዣ የተሰጠ ቤት ግን የባለ መያዣው መብት የታሰረበት ስለ ሆነ ነገሩ ይጠብቃል። ስለዚህ ቤቱን በመያዣ የሚሰጥ ሰው የልጆቹን መጠለያ በሚዛን ላይ እንዳኖረ አስቀድሞ ይወቅ።

አበዳሪ ወንድም ሆይ፤ አንተም ስማ። አላህ በዚሁ ምዕራፍ በ280ኛው አንቀጽ፣ ባለዕዳው የተቸገረ እንደ ሆነ እስኪያገኝ ድረስ እንድትታገሠው አዝዞሃል፤ ዕዳውን ብትተውለት ደግሞ ለአንተ የተሻለ መሆኑን ነግሮሃል። በነቢያችን ዘመን አንድ ሰው በገዛው ፍሬ ከስሮ ዕዳው በዛበት። ነቢያችን ሰዎቹ ሶደቃ እንዲሰጡት አዘዙ፤ የተሰበሰበው ግን ለዕዳው አልበቃም። ገንዘብ ጠያቂዎቹንም ያገኙትን ወስደው ከዚያ በላይ እንዳይጠይቁት ነገሯቸው። ደግሞም ከዕብ ኢብን ማሊክ በመስጊድ ውስጥ ባለዕዳውን ሲጠይቅና ድምፃቸው ከፍ ሲል ሰምተው፣ ለከዕብ የዕዳውን እኩሌታ እንዲተው በእጃቸው አመለከቱት፤ እርሱም እሺ አለ። ባለዕዳውንም ተነሥቶ የቀረውን እንዲከፍል አዘዙት። እነሆ ለሁለቱም ፍርድ፦ ያኛው ይቅር ይበል፤ ይኸኛው ይክፈል።

ያበደርኸው ብር እስኪመለስ በቤቱ ያለ ኪራይ እየኖርህ «ወለድ አገድ ነው» አትበል። በብድር ላይ የተዋዋልኸው ጥቅም ስሙ ቢለወጥም አራጣ ነው። ወንድምህ የተጨነቀበትን ቀን ጠብቀህም ቤቱን በርካሽ አትግዛ።

እናንተም ጎረቤቶችና ዘመዶች ሆይ፤ አላህ በአል ተውባህ ምዕራፍ በ60ኛው አንቀጽ ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንት ወገኖች መካከል ባለዕዳዎችን ቆጥሯል። ቤቱ ሊሸጥበት የተቃረበ ጎረቤት ካላችሁ ዘካችሁ መንገዱን ያውቃል። ያንን በር አንኳኩ፤ ሰውዬው አፍሮ እስኪለምን አትጠብቁ።

አስተውሉ፤ ቤት ቢሸጥ በሌላ ቤት ይተካል፤ ታማኝነት የተሸጠ ጊዜ ግን ምትክ የለውም። ሳይሰውር ከፍሎ ባዶ እጁን የቀረ ነጋዴ ነገ በገበያ የሚያምነው ሰው ያገኛል፤ ቤቱን በሐሰት ውል ያስቀረ ግን ጣራ እንጂ በረከት አልቀረለትም።

አላህ ሆይ፤ ከዕዳ ሸክም ጠብቀን፤ የተጨነቁትን ባለዕዳዎች ከጭንቀት አውጣቸው፤ ለአበዳሪዎችም ርኅራኄን ስጥ፤ በሐላል ሲሳይ አብቃቃን። አሚን።