የጭሱ ዕዳ የማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዱባይ ያላችሁ ሳሊክን ታውቁታላችሁ። ታክሲ ተጋርታችሁ ወደ ቅዳሴ ስትመጡ፣ መኪናው ከበሩ ሥር ባለፈ ቁጥር ሂሳቡ ላይ ይጨመራል። እ.ኤ.አ. በ2007 ሲጀመር 4 ድርሃም ነበር፤ ከ2025 ወዲህ መንገዱ በሚጨናነቅበት ሰዓት 6 ሆኗል። በቅርቡ በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት እኅታችን ከቅዳሴ በኋላ «አባ፣ መንገድም ይሸጣል እንዴ?» ብላ ስትጠይቀኝ ሳቅሁ። የሳቅሁት መልስ ስላልነበረኝ ነው። ይህንኑ ጥያቄ ከዚህ በከበደ መልኩ ሌላ ሰው ጠይቆኝ ያውቃል፤ ያኔ የሰጠሁት መልስ ዛሬም ይቆረቁረኛል።

ሰውየው እዚህ ከእኛ ጋር የነበረ፣ ኋላ ወደ ለንደን የተሻገረ የንስሐ ልጄ ነው። ታሪኩን እንድናገር ፈቅዶልኛል። ሌሊት ቢሮ ያጸዳል። የጽዳት ዕቃውን የሚጭንባት አሮጌ የናፍጣ ቫን ነበረችው፤ እሑድ እሑድም በዚያችው ቫን አራት አረጋውያን እናቶችን ለኪዳን ያደርስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ክረምት ላይ ደወለልኝ። «አባ፣ በገዛ ሰፈሬ መኪና ባስነሳሁ ቁጥር ልከፍል ነው። የሥራ ጓደኞቼ ታርጋ የሚሸፈንበትን ዘዴ አሳይተውኛል። ብሸፍነው ኃጢአት ይሆንብኛል?»

እኔም ለማኅሌት እየተጣደፍሁ ነበርና «ለመንግሥት የሚገባውን ክፈል፣ አለቀ» አልሁት። ጥቂት ዝም ብሎ «እሺ አባ» አለና ስልኩን ዘጋ። ያ «እሺ» መስማማት እንዳልነበረ የገባኝ ማታ ነው።

ነገሩን እንድትረዱት ሕጉን ልንገራችሁ። ለንደን እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ መሐል ከተማ በሚገባ መኪና ላይ በቀን 5 ፓውንድ መጠየቅ ጀመረች። ያ እንደ ሳሊክ ለመጨናነቁ ነበር። በ2019 ግን ሌላ ሕግ መጣ፤ ይኸኛው መኪናውን የሚጠይቀው ስለሚያወጣው ጭስ ነው። ባጠቃላይ ከ2006 ወዲህ የተሠራ የቤንዚን መኪና፣ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ የተሠራ የናፍጣ መኪና በነጻ ያልፋል። ከዚያ የቆየው በቀን 12 ፓውንድ ከ50 ይከፍላል። በመጀመሪያ መሐል ከተማውን ብቻ ነበር የሚመለከተው። በ2021 ሰፋ፤ ነሐሴ 23 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 2023፣ የከተማዋን ዳርቻ ሁሉ ጠቀለለ። የተቆጡ ሰዎች ካሜራዎቹን ሰበሩ፣ ሽቦ ቆረጡ፤ ከንቲባውም ብዙ ተወቀሰ።

ቀኑ የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ነው። ልጄ ሰኞ ማታ ወጥቶ ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ስለሚመለስ የአንድ ሌሊት ሥራው ሁለት ቀን ሆኖ ይቆጠርበታል። አምስት ሌሊት ሠርቶ የስድስት ቀን ይከፍላል። እሑድ እናቶቹን ሲያመጣ ሰባት ሞላ፤ በሳምንት 87 ፓውንድ ከ50። ሌሊት ወለል የሚወለውለውን ሰው ማን አስታውሶ ነው ሕግ ሲያወጣ? ደግሞ ሌላም አለ። በእንግሊዝ አገር ከ2001 ጀምሮ የናፍጣ መኪና ዓመታዊ ግብር ቀለል ይል ነበር። ናፍጣ ለአየር ንብረት ይሻላል ተብሎ ሰው እንዲገዛ የተገፋፋው በመንግሥት ነው። ግዛ ያለው አካል ኋላ ገዝተሃልና ክፈል ሲል፣ ሰው ቢያጉረመርም አይፈረድበትም።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ የሚላችሁ ብዙ ናችሁ። እኔም ሥራዬ የሚያለቅሰውን መስማት ነውና ወደ ልጄ ማዳላቴ አልቀረም። ዳሩ ግን ወደ ካህን የሚደውለው ከፋዩ ነው። ጭሱን የሚተነፍሰው አይደውልም፤ አንዳንዴም ደውሎ ማስረዳት የማይችል ሕፃን ነው።

በደቡብ ምሥራቅ ለንደን፣ መኪና ከማይቋረጥበት አውራ ጎዳና አጠገብ ኤላ አዱ ኪሲ ዴብራ የምትባል ልጅ ትኖር ነበር። አስም ነበረባት። ብዙ ጊዜ ሆስፒታል ገብታ ወጥታ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2013 በ9 ዓመቷ ዐረፈች። እናቷ ዝም አላለችም። ከሰባት ዓመት በላይ ከታገለች በኋላ፣ በታኅሣሥ 2020 የአሟሟት መርማሪው ዳኛ የተበከለ አየር ለሞቷ አስተዋጽኦ እንዳደረገ ወሰነ። በዚያ አገር በሰው የሞት ምስክር ወረቀት ላይ እንዲህ ያለ ምክንያት ሲጻፍ የመጀመሪያው ነበር። እስቲ አስቡት፤ በዚያ ጎዳና ያለፈ አንድም ሾፌር ልጅ ልግደል ብሎ አልተነሣም። ሁሉም ወደ ሥራው፣ ወደ ቤቱ፣ ምናልባትም ወደ ቤተ ክርስቲያን እየሄደ ነበር።

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 እሳት ስላነደደ ሰው የተደነገገ አለ። እሳቱ በእሾህ ተዛምቶ የባልንጀራውን እህል ቢበላ፣ ያነደደው ይክፈል ይላል ሕጉ። አስቦ ነው ወይ፣ ሳያስብ ነው ወይ ብሎ አይጠይቅም። ጭስም ከእኔ ማሳ ወጥቶ በሌላው ደረት ውስጥ የሚገባ እሳት ነው። ስለዚህ ለጭስ መክፈል የሚለው ሐሳብ ባዕድ የፈረንጅ ፈሊጥ አይደለም። በዚህ በኩል ከንቲባውን አልወቅሰውም። ድሆች ተጎዱ ሲባልም፣ በአውራ ጎዳና ዳር ተጨናንቀው የሚኖሩት፣ ብዙዎቹ መኪና እንኳ የሌላቸው፣ እነርሱም ድሆች መሆናቸውን አንርሳ።

ታዲያ ልጄን ለምን ቸኩዬ መለስሁት ብዬ ልቤ ተወጋ? አንድ የረሳሁት ነገር ትዝ ብሎኝ ነው።

ጎጃም ቅኔ ቤት ሳለሁ ክረምቱ ከባድ ነበር። ጎጆዎቻችን ክንዳቸውን እንደ ተያያዙ ሰዎች ተጠጋግተው የተሠሩ ናቸው። አዲስ የመጣ፣ ወባ ያደከመው አንድ ተማሪ ነበር። ደረቅ እንጨት ያለው ከተራራው ላይ ነው፤ እርሱ መውጣት ስለማይችል ከወንዝ ዳር እርጥብ ቅጠልና ጭራሮ ለቅሞ ያነዳል። ጭሱ ወደ ሁላችን ጎጆ ይገባል። ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ልጅ ደግሞ ደረቱን ያመዋል፤ ሌሊቱን ሲስል ያድራል። ተሰበሰብንና «እርጥብ እንጨት ያነደደ ከለመነው ቁራሽ ሩቡን ይክፈል» ብለን ደነገግን። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነበርሁ። በጊዜው ሰሎሞን የሆንሁ መስሎኝ ነበር።

ልጁ ሁለት ቀን ከፈለ። በሦስተኛው ቀን ቁራሽም የለው፣ ጭሱም አልቀረ። የኔታ ሰሙና ጠሩን። ዓይናቸው አያይም፤ ጆሯቸው ግን ምንም አያመልጠውም። የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው። «ቁራሹን የበላው ማን ነው?»

ዝም አልን። የበላነው እኛ ነበርን። የሚያስለው ልጅ አንድ ጉርሻ እንኳ አልደረሰውም።

ከዚያ ወሰኑ። እኛ ጉልበት ያለን፣ ልጁ እስኪድን ድረስ በየተራ ደረቅ እንጨት እንድናመጣለት፤ ደረቅ እንጨት እያለው እርጥብ ካነደደ ግን እሳቱ በውኃ እንዲጠፋ። የመጀመሪያውን ብቻ ቢሉን ኖሮ የኔታ ሩኅሩኅ ናቸው ብለን እናልፍ ነበር። ሁለተኛውን ጨምረዋል። ደረቅ እንጨት ተሰጥቶት እርጥብ ማንደድ ሌላ ኃጢአት ነው።

የለንደኑን ነገር በዚህ ሚዛን ሳስቀምጠው እንዲህ ይታየኛል። «ቁራሹን የበላው ማን ነው?» ለሚለው ሕጉ መልስ አለው፤ ከክፍያው የሚተርፈው ገንዘብ ለከተማዋ መጓጓዣ ብቻ እንዲውል ተደንግጓል። ይህ መልካም ነው። ደረቁ እንጨትስ? አሮጌ መኪናውን ለሚያስወግድ ከተማዋ 2,000 ፓውንድ ትሰጥ ነበር። ነገር ግን በመጀመሪያ የተፈቀደው የተወሰነ ድጎማ ለሚቀበሉ ሰዎችና ለመሳሰሉት ነው፤ ለነዋሪው ሁሉ የተከፈተው ክፍያው ሊጀመር ሳምንት ያህል ሲቀረው ነው። ውኃው ቀድሞ ደረሰ፣ እንጨቱ ዘገየ። የእኔ ቅሬታ በክፍያው ላይ ሳይሆን በዚህ ቅደም ተከተል ላይ ነው።

ሌላው የዋጋው እኩልነት ነው። 12 ፓውንድ ከ50 ለአንዱ የቡና ዋጋ ነው፣ ለሌላው የአንድ ሰዓት ድካም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 5ን አንብቡት። ስለ በደሉ በግ ማቅረብ የማይችል ሁለት ዋኖስ ያቀርባል፤ እርሱንም ካጣ ጥቂት ዱቄት። በደሉ በደል ነው፣ አልተሰረዘም፤ ሚዛኑ ግን የሰውየውን እጅ ያያል። እመቤታችንም በመንጻቷ ወራት ወደ ቤተ መቅደስ የወጣችው በዚሁ በድሆች ሚዛን ነበር። ካሜራ ግን ታርጋን እንጂ እጅን አያይም።

በግ ማቅረብ ስለሚችለውም አንድ ቃል። ከፍዬአለሁና ልለፍ የሚል አለ። ቀኖና የተቀበለ ሰው ኃጢአቱን አልገዛውም፤ እንዲሁ ለጭስ የከፈለም ጭሱን የራሱ ርስት አላደረገውም። የሚስለው ሕፃን ከዚያ ገንዘብ ሳንቲም አይደርሰውም። መክፈል የቻልን ሰዎች ይህን አዘውትረን እንረሳለን፤ በመኪና ብቻም አይደለም።

ነገሩ ከእናንተም ሩቅ አይደለም። ከመካከላችሁ ደመወዛችሁን አጠራቅማችሁ ለወንድማችሁ አዲስ አበባ ላይ አሮጌ ሚኒባስ የገዛችሁ፣ ለመግዛትም ዕቁብ የገባችሁ አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ የኤክሳይስ ታክስ መጣ፤ በ2024 ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። ስንቶቻችሁ «ዕድላችን ተዘጋ» ብላችሁ እንዳዘናችሁ ሰምቻለሁ። ሐዘናችሁ እውነት ነው። ሜክሲኮ አደባባይ ቆማ ሎተሪ የምታዞረዋ ሴት የምትውጠው ጥቁር ጭስም እውነት ነው።

ለልጄ በማግሥቱ መልሼ ደወልሁለት። በቅድሚያ ይቅርታ ጠየቅሁት። ከዚያ ታርጋውን እንዳይሸፍን ነገርሁት፤ ምክንያቴ ግን የትናንቱ አልነበረም። ታርጋ ሲሸፈን ሰው የሚሰወረው ከመንግሥት ይመስለዋል፤ ልጄ ግን የሚሰወረው በመንገዱ ዳር ከምትኖር ሕፃን ነው አልሁት። «የዘገየብህን ደግሞ ጠይቅ፤ ቅሬታህን ጻፍ፤ ሕጉን ያወጡት ሰዎች የሌሊት ሠራተኛ እንዳለ ይስሙ» አልሁት። የደብሩን ሰበካ ጉባኤም ስለ እናቶቹ እንዲያስብ እንዲነግርልኝ ለመንሁት።

ቫኗን አስወገደ። ዕቃውን የሚሠራበት ቢሮ እንዲያስቀምጥለት ተስማምቶ አሁን በሌሊት አውቶቡስ ይመላለሳል። ከአራቱ እናቶች ሦስቱን አዲስ መኪና ያላቸው ምእመናን ተከፋፍለው ያመጧቸዋል። አራተኛዋ የሚኖሩት ከሁሉም ርቀው ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ሁለት አውቶቡስ መቀየር አይችሉም። ኪዳን ከቀረባቸው ቆይተዋል። በስልክ ሲያገኙኝ ስለ ጭሱም ስለ ክፍያውም አያነሱም፤ «ያ ልጅ ደኅና ነው?» ብለው ብቻ ይጠይቁኛል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።