የሰው ልጅ አመጣጥና የሰው ክብር፦ ከአሶሳ ሲታይ

የሰው ልጅ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የሰው አካል መቼና እንዴት የዛሬ ቅርጹን እንደያዘ ይጠይቃል፤ መልሱም በቅሪተ አካል፣ በድንጋይ መሣሪያና በዘረመል ይፈለጋል። ሁለተኛው የሰው ክብር ከምን ይመነጫል፣ ሰውስ ሁሉ በክብሩ እኩል ነው ወይ ይላል፤ ይህ የሃይማኖትና የፍልስፍና ጥያቄ ነው። አሶሳ ዋና ከተማው በሆነችበት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሁለቱ ጥያቄዎች ይገናኛሉ። በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ በሚኖሩበት በዚህ ምድር፣ ብዙ ሰው «ኋላ ቀር» እየተባለ ከሰው በታች የተቆጠረበት ዘመን ነበርና።

በሳይንስ የተደረሰበት የአመጣጥ ሥርዓት በአጭሩ እንዲህ ነው። ሰው ከጦጣ፣ ከዝንጀሮና ከቺምፓንዚ ጋር ፕራይሜት በሚባለው የእንስሳት ምድብ ውስጥ ይገኛል። በግብጽ ፋዩም የተገኘው ኢጂፕቶፒቲከስ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ጥንታዊ ፕራይሜት ነው። የሰውና የቺምፓንዚ የዘር ሐረግ ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ እንደተለያየ ይገመታል። ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ በሰፊው የያዘችው ኢትዮጵያ ናት። በአፋር የተገኘችው አርዲ 4.4 ሚሊዮን፣ የዲኪቃዋ ሕፃን ሰላም 3.3 ሚሊዮን፣ በ1974 እ.ኤ.አ. በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ደግሞ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላቸው። ሆሞ ከሚባለው የሰው ወገን እጅግ ጥንታዊ የሚባለው መንጋጋ ከሌዲ ገራሩ የተገኘ ሲሆን 2.8 ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል። በጎና የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። የዛሬው ሰው ወገን የሆኑት የኦሞ ኪቢሽ ቅሪቶች በ2022 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ቢያንስ 230 ሺህ ዓመት ገደማ ዕድሜ ተሰጥቷቸዋል። በአፋር ሄርቶ የተገኙት ቅሪቶች 160 ሺህ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። በሞሮኮ ጀበል ኢርሁድ የተገኙት ደግሞ ወደ 300 ሺህ ዓመት ይጠጋሉ።

ይህ ሐረግ ብዙ ጊዜ በስህተት ይነበባል። ሰው ዛሬ በዱር ከምናየው ቺምፓንዚ አልመጣም፤ ሁለቱም ከአንድ የጥንት ዘር ወጥተው የየራሳቸውን መንገድ ሄዱ። ዝግመተ ለውጥ እየበቀለ የሚሰነጠቅ፣ ብዙ ቅርንጫፉም የደረቀ ዛፍ ነው። ስለዚህ ዛሬ በሕይወት ካለ ሰው መካከል ለጥንቱ ግንድ ከሌላው የቀረበ የለም። የአሶሳው ገበሬ፣ የለንደኑ ሐኪምና የቶኪዮው ተማሪ ከጋራ አያታቸው የሚለያቸው ዘመን እኩል ነው።

ቅሪተ አካል በአፋር በዝቶ በአሶሳ የጠፋው ጥንት ሰው አሶሳን ስላልረገጠ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ ደለልና የእሳተ ገሞራ አመድ አጥንትን እየሸፈኑ አቆይተዋል፤ አመዱም ዕድሜን ለመለካት ይረዳል። የአሶሳ አካባቢ ግን ወርቅና እምነ በረድ የሚወጣበት እጅግ ያረጀ አለት ነው። አጥንት በቀላሉ በማይቆይበት እንዲህ ባለ ምድር ስለ ጥንቱ ሰው የሚመሰክረው በዋናነት ድንጋይ ነው።

ከክልሉ በስተሰሜን፣ በአማራ ክልል መተማ ቆላ፣ በሽንፋ ወንዝ ዳር የተገኘው ቦታ የምዕራቡን ቆላ ጥንታዊነት አጉልቶ ያሳያል። በ2024 እ.ኤ.አ. ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣው ጥናት፣ ቦታው ላይ ሰዎች በኖሩበት ዘመን ከኢንዶኔዥያው የቶባ እሳተ ገሞራ የተበተኑ በዓይን የማይታዩ የመስታወት ቅንጣቶች እዚያ መውረዳቸውን አረጋግጧል። ይህም ከ74 ሺህ ዓመት በፊት ነው። አየሩ ሲደርቅ ወንዙ እየተቆራረጠ ኩሬ ብቻ ቀረ። ሰዎቹ ግን አልጠፉም፤ በየኩሬው የተጠራቀመውን ዓሣ ያዙ። ከተገኘው የእንስሳት ቅሪት የዓሣው ድርሻ ከ14 ወደ 52 በመቶ ከፍ ማለቱ የኑሮ ዘዴያቸውን መለወጣቸውን ይናገራል። ትናንሾቹ ባለሦስት ማዕዘን የድንጋይ ጫፎች የቀስት ፍላጻ እንደነበሩ አጥኚዎቹ ያምናሉ። ከመከራ ጋር እየተላመደ መውጫ የሚፈልግ አእምሮ በእነዚያ ሰዎች ዘንድ ሙሉ ነበር።

በአሶሳ ዙሪያ ደግሞ በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የስፔን አርኪዮሎጂስቶች በቪክቶር ፈርናንዴዝ መሪነት ካባና ቤል ኩርኩሙ የተባሉ የአለት መጠለያዎችን ቆፍረዋል። ከአፈሩ የወጡት የኳርትዝ መሣሪያዎችና የሸክላ ስባሪዎች ናቸው። ጥንታዊ የድንጋይ አጠራረብ ስልት በዚህ አካባቢ ከሌላው ቦታ ይልቅ ረጅም ዘመን ቆይቷል። ከዚህ ተነስቶ «ሰዎቹ በዕድገት ወደ ኋላ የቀሩ ናቸው» ማለት ግን ማስረጃው የማይደግፈው ድምዳሜ ነው። ኳርትዝ በቅርብ የሚገኝ ድንጋይ ነው፤ ለሥራ የበቃን ስልት ማቆየትም ብልሃት እንጂ የአእምሮ ጉድለት አይደለም። መሣሪያና አእምሮ አንድ አይደሉም።

ዘረመልም ይህንኑ ያጠናክራል። በ2015 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት የ225 ኢትዮጵያውያንና ግብጻውያን ሙሉ ዘረመል ተነቧል፤ ከኢትዮጵያ የተካተቱት አማራ፣ ኦሮሞ፣ ወላይታ፣ ሶማሌና ጉሙዝ ነበሩ። ከእነዚህ መካከል ከአፍሪካ ውጭ ወደ አፍሪካ ተመልሶ የገባ ዘር በጉሙዝ ዘንድ እጅግ አነስተኛ ነው። ይህ ስለ ጥንት ፍልሰት ይናገራል እንጂ ማንንም ዝቅ ወይም ከፍ አያደርግም። በየትኞቹም ሁለት ሰዎች መካከል ያለው የዘረመል ልዩነት 0.1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የቆዳ ቀለምም ከፀሐይ ጨረር ጋር የተላመደ የአካል ጠባይ ነው፤ የአእምሮ መለኪያ ሆኖ አያውቅም።

ይህ የሰው ልጅ እኩልነት በቤኒሻንጉል ከባድ ትርጉም አለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመንና በ20ኛው መባቻ በሱዳንና በኢትዮጵያ ጠረፍ የባሪያ ፍንገላ የአካባቢውን ሰው ቤተሰብ ይበትን፣ መንደሩን ባዶ ያስቀር ነበር። በኢትዮጵያ ባርነትን በሙሉ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1942 እ.ኤ.አ. ነው። ሰውን ለመሸጥ አስቀድሞ ሰውነቱን መካድ ያስፈልጋል፤ ለዚህም የቆዳ ቀለምና የአኗኗር ልዩነት ሰበብ ሆኑ።

የአካባቢው እምነቶች ይህን ክህደት አይደግፉም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርት ሰው ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውኃና ከመሬት የተገኘ ሥጋ፣ እንዲሁም የምታስብ፣ የምትናገርና ሕያው የሆነች ነፍስ አለው። በሥጋው የፍጥረት ሁሉ ዘመድ ነው፤ ክብሩ በአምላክ አርአያ መፈጠሩ ነው። በርታዎች በብዛት በሚከተሉት እስልምና አደም ከጭቃ ተፈጠረ፤ የሰው ልጅ ሁሉ የእርሱ ልጅ ነው፤ ከአላህ ፊት የሚያበላልጠውም ፈሪሃ አምላክ እንጂ ዘር አይደለም። ከሱዳን ተሰደው በአሶሳ ዙሪያ የተጠለሉት ኡዱኮች ደግሞ፣ አንትሮፖሎጂስቷ ዌንዲ ጄምስ እንደመዘገበችው፣ ምድርና ሰማይን ያገናኝ ስለነበረ ቢራፒኛ ስለተባለ ታላቅ ዛፍ ይተርካሉ። ዛፉ ሲቃጠል መንገዱ ተዘጋ፤ ሞትም መመለሻ የሌለው ሆነ። ሰው ምድራዊ ሆኖ ሳለ ከምድር በላይ የሚያይ መሆኑን ይህም ትረካ ያውቃል።

ሳይንስና እምነት በሁሉም ነገር ይስማማሉ ማለት አይቻልም። የፍጥረትን ቀናት ቃል በቃል ለሚወስድ አማኝ የሚሊዮን ዓመታቱ ቁጥር ከባድ ነው። የሰው ዘር በአንድ ጥንድ ሳይሆን በሺዎች በሚቆጠር ሕዝብ እንደቀጠለ የሚያሳየው የዘረመል ማስረጃም ከአዳምና ከሔዋን ትረካ ጋር ሲነጻጸር አከራካሪ ነው። ልዩነቱን መሸፋፈን ለሁለቱም አይጠቅምም። ነገር ግን ቅሪተ አካል አካሉ በምን መንገድ እንደመጣ ሲናገር፣ ሰው ለምን እንደሚኖርና ለባልንጀራው ምን እንደሚገባው አይወስንም። ሥጋው ከእንስሳት ጋር መዛመዱ ክብሩን ያጎድላል የሚለው ሥጋትም መሠረት የለውም፤ ከአፈር ተፈጠረ ብሎ የሚያምን ሰው ከአፈር ይልቅ በሕያው ፍጥረት በኩል መምጣትን እንደ ውርደት የሚቆጥርበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ በአሶሳ ትምህርት ቤቶች የሰው ልጅ አመጣጥ ሲነሣ ሐዳርና ኦሞ ብቻ ሳይሆኑ ሽንፋ፣ ካባና ቤል ኩርኩሙም ሊጠቀሱ ይገባል። ተማሪው የገዛ አገሩ ሰው በዚህ ረጅም ታሪክ ውስጥ ባለቤት መሆኑን ይወቅ። ማስረጃውም ሆነ እምነቱ የሚመሰክረው አንድ ነገር ነው፦ ከሰው በታች የሆነ ሰው በምድር ላይ የለም፤ ኖሮም አያውቅም።